የሚካኤልን ጠላ ጣሪያ ላይ ያፈሰስኩ ዕለት

ዘንድሮም ህዳር ሲታጠን የቀሐ ሰፈራችን ገና በጠዋቱ በጭስ ታፈነ። ጎረቤቴ የዓመቱን ቆሻሻ ከእንጨት አጥሩ ሥር ከምሮ ክብሪት ሲጭር ደረስኩበት። ክምሩን ወደ ሜዳው አስገፍቼ፣ እሳቱ እስኪበርድ አጠገቡ ቆምኩ። የልጄ ሚስት ከበር ሆና ሳቀችብኝ።

«ምነው እማ፣ ዘበኛ ሆነው ተቀጠሩ እንዴ?»

ትሳቅ። የኔን ነገር መች ታውቃለች። ለናንተ ላውጋችሁ፤ ትንሽ ብኩራራም ቻሉኝ።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቤታችን አምባ ጊዮርጊስ፣ ከገበያው ወጣ ብላ፣ ክዳኗ ሣር ነበር። እታለም የምላት ታላቅ እህቴ ልትወልድ እኛ ዘንድ መጥታ፣ ወንድ ልጅ ከተገላገለች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። በዚያ ላይ የሚካኤል ማኅበር ተራው የኛ ሆኖ እናቴ ሁለት ጋን ጠላ ጠምቃለች። የወገራ ገብስ ጠላ፣ ሽታው ከደጅ የሚቀበል። ከአባቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጣቷን ቀስራ «ቄሱ ሳይባርኩት አንዲት ጣሳ እንዳትነኪ» አለችኝ።

ህዳር በኛ አገር ሰማዩ ጥርት የሚልበት፣ ሣሩ የሚደርቅበት፣ ነፋሱም ከረፋድ ጀምሮ የሚነሣበት ወር ነው። ጎረቤታችን አያ ተገኘ ሸጋ ሰው ነበሩ፤ ግን ከተማ ያዩትን ልማድ ይዘው መጥተው ጥራጊያቸውን ከጭድ ክምራቸው አጠገብ ለኮሱና እሳቸውም ወደ ንግሡ ሄዱ። ክምሩ ተያያዘ። ነፋሱ ፍንጣሪውን እያነሣ ወደ ክዳናችን ይበትነው ጀመር።

ሮጬ ገባሁ። «እታለም፣ ተነሺ እንውጣ፣ እሳት መጣ።»

«ክርስትና ሳይነሣ ልጄን ፀሐይ ላይ አላወጣም። ምች ይመታዋል።»

«እሳት እኮ ነው የምልሽ።»

«አጥፊያት ታዲያ» አለችኝ፣ ኩራዝ እንዳጠፋ ያዘዘችኝ ይመስል።

ብለምናት፣ ብጎትታት፣ ወይ ፍንክች። ምንጩ ቁልቁለት ወርዶ ነው፤ እንስራዎቹም ለጥንስሱ ተሟጠዋል። ቤት ውስጥ የቀረው እርጥብ ነገር ጠላው ብቻ ነበር። የጋኑን ክዳን አነሣሁ። «ሚካኤል ይቅር በለኝ» አልኩና ባልዲውን ነከርኩ።

መሰላሉ ጎታው ላይ ተደግፎ ነበር፤ ወደ ጣሪያው አዞርኩት። የክዳኑ ጫፍ ጭሷል። አፈሰስኩ፣ ወረድኩ፣ ቀዳሁ፣ ወጣሁ። ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አላውቅም። ጠላው ሲያልቅ አተላውን በእጄ እየዛቅሁ ለጠፍኩት። ከጠላው የበለጠ የሠራው እንዲያውም እሱ ነው፤ ሣሩ ላይ እንደ ጭቃ ተጣብቆ ፍንጣሪውን ሁሉ እዚያው አዳፈነው።

ክዳኑ ግን ያረጀ ነበርና ወደ ውስጥ ማንጠባጠብ ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ እታለም ከነልጇ፣ ፀጉሯ በጠላ ርሶ፣ ብቅ አለች። «ልጄን አሰከርሽው» አለችኝ በቁጣ። እሳት ያላነቃነቃትን ሴት ጠላ አስወጣት።

አባቴ ማኅበርተኞቹን አስከትሎ ሲደርስ የጎረቤታችን ክምር አመድ ሆኗል፤ ቤታችን ግን ቆማለች። እናቴ ጋኖቹን ዐይታ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አባቴ ጎንበስ ብሎ ባዶውን ጋን ዳበሰ፣ ጣሪያውን ዐየ፣ እህቴን ዐየ። ሴት ልጅ የሚያመሰግን ሰው አልነበረም። ወደ እንግዶቹ ዞረና «ዘንድሮ ሚካኤል ከኛ ቀድሞ ቀምሷል፤ የቀዳችለትም ልጄ ናት» አለ። ማኅበርተኞቹ ያን ዕለት ዳቧቸውን በውኃ በሉ። አንድም ሰው ቅር አላለውም። እኔ እንዲያ ኮርቼ አላውቅም፤ እስከ ዛሬም ሳስበው ደረቴ ይነፋል።

ሰው ይህን ስነግረው ድፍረቴን ያደንቃል። ይበለኝ፣ ደስ ይለኛል። ግን እርጅና ሐቁን ያናግራል፦ ማኅበሩ በሌላ ወር ደርሶን ቢሆን ኖሮ ጋኖቹ ባዶ ነበሩ፤ እኔም በባዶ ባልዲ ደጅ ቆሜ እህቴን እለምን ነበር። ያን ቀን ያዳነን የማኅበሩ ተራ ያን ወር እኛን መድረሱ ነው። ለዚህ ነው ዛሬ ደጄ ላይ ሁለት በርሜል ውኃ ሞልቶ የሚያድረው። ምራቴ ቦታ አጣበበን ትላለች። ይጥበባት፤ እኔ በዚህች ቤት ላይ ሁለተኛ በዕድል አልጫወትም።