ዜሮ ያልኩት ውሃ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለነፍስ አባቴም ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ይህን እየዘለልኩ ነው የወጣሁት። ምን ብዬ ልንገራቸው? "አባ፣ አንድ መስመር ኮድ ጽፌ ሰው በደልኩ" ልበል? የሰረቀ ሌባ ይባላል፣ የሰደበ ተሳዳቢ ይባላል፤ የእኔ ጥፋት ስም የለውም እያልኩ ተደብቄበት ኖሬያለሁ። ግን ይህም ራሱ ውሸት ነው፤ ስም አለው። በሐሰት መስክሬያለሁ።

የቆቦ ልጅ ነኝ። የምተዳደረው ፕሮግራም በመጻፍ ነው፤ ቢሮዬ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከሮቢት ወዲያ ሜዳው ላይ ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ እየሳቡ የሚያመርቱ ገበሬዎች የመስኖ ተራቸውን በስልክ የሚያዩበት ገጽ እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። እስከዚያ ድረስ ተራውን የሚያውቁት አንድ ሰው ነበሩ፤ የውሃ አባታቸው አያ እንድሪስ። የማን ማሳ በየትኛው ቀን ስንት ሰዓት እንደሚጠጣ፣ ማን ለማን ተራውን እንደለቀቀ፣ ሁሉንም በቃላቸው ይዘውታል። የገበሬዎቹ የመስኖ ማህበር የፈለገው እሳቸውን የሚያግዝ ነገር እንጂ የሚተካ አልነበረም። መተካቱ የእኔ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሙያዬ ትንሽ መናገር አለብኝ፤ አለዚያ ያደረግኩት ነገር ተራ ስህተት መስሎ ያልፋል። መረጃው ያለው ሰርቨር በሚባለው ማዕከላዊ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ገጹ ደግሞ ሰርቨሩን "የእገሌን ተራ ስጠኝ" እያለ መጠየቅ አለበት። ያንን መጠየቂያ ኮድ እኔ በእጄ አልጻፍኩትም። የሚያመነጭልኝ መሣሪያ አለኝ፤ እሱም ራሱ ፕሮግራም ነው። መሣሪያው ሰርቨሩ ላይ ምን ምን እንዳለ ያነብና ይሄ ስም ነው፣ ይሄ ቁጥር ነው፣ ይሄ ደግሞ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል እያለ በየዓይነቱ ለይቶ ኮዱን ራሱ ይጽፈዋል። ላይኖር የሚችለውን "ምናልባት" በሚል መጠቅለያ ጠቅልሎ ያቀርባል። እኔ የምጽፍበት፣ ፈንክሽናል የሚሉት የፕሮግራም ቋንቋ ደግሞ ግትር ነው፤ "ባይኖርስ ምን ይደረግ?" ለሚለው ጥያቄ መልስ እስክሰጠው ድረስ ኮምፓይለሩ፣ የጻፍኩትን መርምሮ ለማሽኑ የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ንቅንቅ አይልም። ይህን አሠራር እወደው ነበር። ጓደኞቼ ስለ ልጆቻቸው የሚያወሩትን ያህል እኔ ስለ እሱ አወራ ነበር፤ ሰሚው ሲሰለቸውም አይገባኝም።

የተራው ሰዓት "ምናልባት" ሆኖ ነው የመጣው። ምክንያት ነበረው። እዚያ ሜዳ ላይ ሐዘን የገባበት ቤት እስከ አርባው ድረስ ማሳው አይወርድም፤ ተራው ለጎረቤት ይለቀቃል። ከአርባው በኋላ ጎረቤቶቹ የወሰዱትን ውሃ ከራሳቸው ተራ ላይ ይመልሱለታል። መቼና እንዴት የሚለውን የሚወስኑት የውሃ አባቱ ስለሆኑ፣ መዝገብ ላይ ሰዓቱ ክፍት ይተዋል። የማህበሩ መዝጋቢ ዘይነባም ኮምፒውተር ላይ ስታስገባው እንደዚያው ባዶውን ተወችው። ጠይቄያታለሁ።

"ወላሂ አውቄ ነው የተውኩት" አለችኝ። "ባዶ ከሆነ አያ እንድሪስ ይጠየቁ ማለት ነው። ዜሮ እንዳታደርገው አደራ፤ ዜሮ ከመስኖው የወጣ ሰው ነው።"

አያችሁ? አላወቅኩም ነበር ማለት አልችልም። ተነግሮኛል፤ ያውም በአደራ።

ገጹን ለአባላቱ የማሳይበት ቀን ደረሰ። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ መብራት ሄዷል፣ የላፕቶፔ ባትሪ እያለቀ ነው፣ ሙቀቱን የቆቦ ሰው ያውቀዋል። ኮምፓይለሩ ያንኑ ጥያቄውን ደቅኖ ቆሟል፦ ሰዓቱ ከሌለስ? ትክክለኛው መልስ "የውሃ አባቱን ጠይቁ" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ገጹ ላይ ማሳየት ነበር። እኔ ግን የገጹን ሰንጠረዥ ቁጥር ብቻ እንዲቀበል አድርጌ ሠርቼዋለሁ፤ ያንን ለመቀየር ሌላ አራት አምስት ቦታ መነካካት ነበረብኝ። ሰለቸኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ሰለቸኝ። "ከሌለ ዜሮ ቁጠረው" ብዬ ጻፍኩ። ኮምፓይለሩ ረካ። ዋሽቼው መርካቱን እያወቅኩ እኔም ረካሁ። በኋላ አስተካክለዋለሁ አልኩና ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

በዚያ ሰሞን እትዬ ለተብርሃን ባላቸውን ቀብረው ነበር። ወላጆቻቸው ከትግራይ በኩል መጥተው ሮቢት ላይ የቀሩ ናቸው፤ ያቺ ማሳ ብቻ ነበረቻቸው። አርባው ሲወጣ ውሃዬ ይመለስልኛል ብለው የሽንኩርት ችግኝ ተከሉ። የፓምፑ ሠራተኛ ስልኩን ከፍቶ ስማቸውን ፈለገ፤ ዜሮ ይላል። ውሃውን አልለቀቀላቸውም።

አያ እንድሪስ ሲጠሩ መጡ። "የዚች ሴትዮ ውሃማ አለ" አሉ። "ሁለት ተራ ይመለስላታል፤ እኔው ነኝ ያስማማኋቸው።" ውሃውን የወሰዱት ሁለቱ ጎረቤቶች መሬት መሬት ያያሉ። ስልኩ ዜሮ ካለ እነሱ ምን አስጨነቃቸው? ነገሩ ወደ ጭቅጭቅ ዞረና ማህበሩ ስብሰባ ጠራ፤ እኔንም ከቆቦ አስመጡኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ ከፍቼ መስመሯን አገኘኋት። ስለዚህ ስብሰባው ላይ ስቀመጥ አውቄ ነው የተቀመጥኩት። ዘይነባ በዚያን ጊዜ አግብታ ወደ ዋጃ ሄዳለች። አለመኖሯ ደስ አለኝ፤ እስከዚህ ነው የወረድኩት። እትዬ ለተብርሃን ጥቁር ነጠላቸውን እንደለበሱ ወደ እኔ ዞረው፣ "ወደይ፣ ችግኙ ዛሬ ካልጠጣ ነገ የለም" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ሊቀመንበሩ ቀጠለና "ይሄ ኮምፒውተር ሊሳሳት ይችላል ወይ?" ብሎ ጠየቀኝ።

"እኔ ነኝ ያጠፋሁት" ማለት ስንት ቃል ነው? ያን ሁሉ ሰው ፊት ማፈር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? እኔ ግን ተነሣሁና ስለ መሣሪያዬ አስተማርኳቸው። ኮዱ የሰው እጅ እንዳልነካው፣ እያንዳንዱ መረጃ በየዓይነቱ እንደተፈተሸ፣ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ጭራሽ ሊሳሳት እንደማይችል ነገርኳቸው። በእርግጥም መሣሪያው አልተሳሳተም ነበር። በአግባቡ ጠይቆኝ የዋሸሁት እኔ ነኝ። እኔ፣ በዚያ እውነት ውስጥ ውሸቴን ሸሽጌ፣ የማያነቡትን ነገር እያነበብኩላቸው፣ ቀና ብዬ ቆምኩ።

አያ እንድሪስ በለሆሳስ፣ "ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ። እስቲ ለአላህ ብለህ አንድ ጊዜ ደግመህ እየው" አሉ።

በር ከፈቱልኝ። ከዚህ በላይ ምን ያድርጉልኝ?

"አይቼዋለሁ አያ" አልኳቸው።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ሕዝቡ ዞሩ። "እንግዲያው የረሳሁት እኔ ነኝ። አፉ በሉኝ" አሉ። የእኔን ይቅርታ እሳቸው ጠየቁልኝ፤ እኔም ቆሜ ሰማሁ። በዚያው ቀን የውሃ አባትነታቸውን መለሱ።

ሽንኩርቱ ደረቀ። እትዬ ለተብርሃን ማሳቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። መስመሯን በዚያው ሳምንት አስተካከልኳት፤ ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም። አሁን ገጹ ሰዓቱ ባዶ የሆነበትን ሰው "የውሃ አባቱን ጠይቁ" ይለዋል። የሚጠየቅ የውሃ አባት ግን የለም። ሐዘን የደረሰበት ሰው ዛሬ ተራው እንዲሁ ቀልጦ ይቀራል፤ እንደ ድሮው ቃሉን የሚይዝለት ሰው የለውም።

ይህንንም ቢሆን እየረሳሁት ነበር፤ አልዋሻችሁም። እንቅልፍ አጥቼ አላውቅም። ባለፈው የገበያ ቀን ግን አያ እንድሪስ በሴት ልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ቢሮዬ ድረስ መጡ። ለሐኪም ነው ቆቦ የመጡት፤ የታመመውም ጭንቅላቴ ነው ባይ ናቸው። ወንበር ሰጠኋቸው።

"ልጄ፣ አትቀየመኝና አንድ ነገር ልጠይቅህ" አሉ። "ያኔ የሴትዮዋን ውሃ ሁለት ተራ ብዬ ነበር። አሁንም ፊቴ ላይ ይታየኛል። ሰዎቹ ሲስማሙ የተቀመጡበት ድንጋይ ሳይቀር ይታየኛል። ያልነበረ ነገር እንዲህ ይታያል እንዴ?"

ልጃቸው ቀበል አድርጋ፣ "ከዚያ ወዲህ በራሳቸው አያምኑም" አለችኝ። "ሲሰግዱ ስንት ረከዓ እንደሰገዱ እኔን አጠገባቸው አስቀምጠው ያስቆጥሩኛል። አንድ ቀን ተሳስተው አይቼ አላውቅም።"

እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? እጃቸውን ይዤ፣ "አብሽሩ አያ፣ ዕድሜ ነው" አልኳቸው።

ይህን ሁለተኛውን በምን ላስተባብለው? መብራት አልሄደ፣ ባትሪ አላለቀ፣ የሚሰማኝ ሕዝብ የለ። ሁለት ሰዎች፣ አንድ ጥያቄ። የመጀመሪያው ቀን ውሃ ቀማሁ እንበል፤ በገበያው ቀን ግን የሽማግሌውን አእምሮ ከእጃቸው ቀምቼ፣ መልሼ ደግሞ አጽናናኋቸው። መርቀውኝ ወጡ።

ስለዚህ ማሩኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ማህበሩ በሚቀጥለው ሲሰበሰብ ሮቢት ሄጄ ያንኑ ሰው ሁሉ ፊት ቆሜ ልናገር ወስኛለሁ። ግን ራሴን አውቀዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ በሩ ተከፍቶልኝ ሁለት ጊዜ ዘግቼዋለሁ። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። ሮቢት ዘመድ ያለው፣ በዚያ መንገድ የሚያልፍ፣ አያ እንድሪስን የሚያውቅ ካለ እኔን አይጠብቅ፤ ቀድሞኝ ይድረስና ያንብብላቸው።

አያ እንድሪስ፣ ሁለት ተራ ነበር። አልረሱም።