ጨርቁ በፓሊሜ ሌላ ስም አለው

በሎሜ ገበያ አዮኮን የማያውቅ የለም። ቲማቲም ልትገዛ ስትወጣ እንኳ ከራስ ጥምጥሟ እስከ ቦርሳዋ በአንድ ዓይነት ጨርቅ ተሽሞንሙና ነው። ሻጮቹ "ቲማቲሙን ልታገባው ነው እንዴ?" እያሉ ይስቁባታል። ይሳቁ። ጨርቅ በማንበብ ግን የሚያህላት አልነበረም። እዚያ አገር እያንዳንዱ ጨርቅ ስም አለው፤ ሴት በአፏ የማትለውን ለብሳው ትወጣለች።

ነጋዴው ኮምላን መደዳውን ሱቅ ሊጠቀልል ሲነሳ አንለቅም ያሉት ሦስት ሴቶች ናቸው፤ ዴዴ፣ ኮኮዌና ልብስ ሰፊዋ አዮኮ። መጀመሪያ ዴዴ ደጃፍ ላይ ቀንድ አውጣ የታተመበት ጨርቅ ተጥሎ ተገኘ። በሦስተኛው ቀን ምሳዋ ውስጥ በተጨመረ መርዝ ሞተች።

አዮኮ ጨርቁን ይዛ ኢንስፔክተር ሜሳን ዘንድ ሄደች። ሜሳን ሁለት ዓመት ሙሉ ደጅ የጠናት፣ እሷም በልቧ እሺ ብላ በአፏ ያልነገረችው ሰው ነው።

"ስሙ 'ቤቴን ተሸክሜ እዞራለሁ' ነው። ሱቅሽን ልቀቂ ማለታቸው ነው" አለችው።

"አዮኮዬ፣ ጨርቅ ሰው መርዞ ያውቃል?"

ቀጥሎ ለኮኮዌ ክብ ክብ ያለበት ጨርቅ መጣላት፤ ሬሳዋ ከውሃ ጉድጓድ ወጣ። ያንን ጨርቅ ሎሜዎች ክቦቹን የሙዚቃ ሸክላ አድርገው 'ሸክላው ይዙር' ይሉታል።

"እና ስትጨፍር ነው የገባችው?" አለ ሜሳን፣ አዮኮ ይህን ስትነግረው። ባልደረቦቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አዮኮ ያን ሳቅ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም።

ሦስተኛው ለራሷ ደረሰ፤ ማራገቢያ የታተመበት። አብራት የምትኖረውን እናቷን ዘመድ ቤት አሽሽታ ወደ ጣቢያው ሮጠች።

"ይሄስ ምን ይባላል?" አላት።

"'ፍቅር አላበኝ'።"

ሜሳን ጨርቁን መልሶ እጇ ላይ አኖረው። "እንግዲህ ካወቅሽው... እኔ ነኝ የላክሁት።"

መጋረጃና ቀሚስ የማይለይ ሰው! ግን አመነችው፤ ማመን ፈልጋ ነበር። እናቷን መለሰች፣ ጨርቁን ሰፍታ ለበሰችው።

በማግስቱ ቀትር ላይ፣ እናቷ ከሱቁ ጓዳ ጋደም ባለችበት ሰዓት፣ አዮኮ ክር ልትገዛ ወጥታ ከፓሊሜ ከተማ የመጣች አቮካዶ ሻጭ አገኘች።

"እህቴ፣ ከማን ጋር ተጣልተሽ ነው 'እሳቱን አራግቡት' የለበስሽው?"

"ምን አልሽ?"

"እኛ አገር እንደዚያ ነው የምንለው።"

"ቀንድ አውጣውንስ?"

"'ቀስ ብለሽ ብዪ'።"

"ክብ ክቡንስ?"

"'ጉድጓድ አያወራም'። ምነው፣ አመመሽ?"

ኮምላን የፓሊሜ ሰው ነው። አሥር ዓመት ሎሜ ሲነግድ ሎሜዎች ለጨርቅ የሚሰጡትን ስም መማር ንቆ ኖሯል። ለእሷ የላከው እሳት ነው፤ አዮኮ ጫማዋን አውልቃ ወደ ሱቋ ሮጠች። ስትደርስ በሩ ከውጭ ተቀርቅሯል፣ ኮምላን ጎንበስ ብሎ ጋዝ ያርከፈክፋል። ደጃፍ ላይ የነበረውን የከሰል ካውያ አንስታ ማጅራቱን ብላ ዘረረችው። እናቷን ጎትታ ስታወጣ አሮጊቷ በጋዙ ሽታ ታፍና ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

ኮምላን ታሰረ፤ ሳይመሽ ሜሳን ጣቢያው ውስጥ ቃሏን ተቀበለ፣ ጽፎም እንድትፈርምበት ሰጣት። አነበበችው።

"ጨርቁን እኔ ነኝ የላክሁት ያልከው የታለ?"

"አዮኮ፣ እሱ ከገባ ከሥራዬ ነው የምባረረው። ስለምወድሽ ነው ያልኩት። ደግሞ እናትሽ ድናለች።"

"ኮኮዌስ?"

ብዕሩን ከእጁ ነጠቀችው፤ በኮኮዌ መሳቃቸውንም የእሱን ውሸትም ራሷ ጻፈችና ፊቱ አኖረችው።

"ፈርም።"

ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበ። ከዚያ ፈረመ። አሳዘናት፤ ትወደው ነበርና ይበልጥ ተናደደች። ወረቀቱን ይዛ ወደ አለቃው ቢሮ ሄደችና በሩን አንኳኳች።