ቅቤ የነካ ጥጥ

ግራ ጆሮዬ ክረምት ሲገባ ይመግላል፣ በጋ ሲሆን ይደርቃል። አሰላ ላይ ዝናብና ብርድ አብረው ስለሚመጡ ቤተሰቡ ሁሉ ጥፋተኛ የሚያደርገው ብርዱን ነበር። እናቴ ጥጥ ለብ ያለ ቅቤ ውስጥ ትነክርና ጆሮዬ ላይ ትወትፈዋለች፤ በላዩ ሻሽ ታስርበታለች። ሽታው ለራሴም ያስጠላኝ ነበር። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር የምትጽፈው። አልፈርድባትም።

ያን ዓመት ግን ነገሩ ከሽታ አለፈ። ነርስ ለመሆን አመልክቼ ነበርና የጤና ምርመራው መስከረም ላይ ነው ተባልኩ። ትምህርት ቤቱ ጆሮዋ የሚመግል ልጅ አይቀበልም። በመስከረም ደግሞ አሰላ ገና ይዘንባል።

«ቆላ ትውረድ» አለች አቦምሳ የምትኖረው አክስቴ። ሐምሌን እሷ ዘንድ ከረምኩ። ሙቀቱ ሻሹንም ጥጡንም አስጣለኝ፤ ጆሮዬ ደረቀ። አክስቴ «ያገሬ ፀሐይ አዳነሽ» ብላ ጉራዋን ነዛች፤ እኔም አመንኳት። ነሐሴ ላይ ስመለስ እናቴ ጥጧን ይዛ በር ላይ ጠበቀችኝ። ብዙም ሳይቆይ መግሉ ተመለሰ።

ተናድጄ ክሊኒክ ሄድኩ። ቁስል አጣቢው ድሬሰር ጥጡን በመቆንጠጫ አውጥቶ አሸተተው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቅቤ። ብርድ እንዳይገባ ነው። አቦምሳ እኮ ደርቆልኝ ነበር።»

«እዚያም ጥጥ ነበረው?»

«ስለሞቀኝ ጣልኩት።»

«በይ እንግዲህ፣ ጥያቄውን ራስሽ መለስሽው። ብርዱ ጉንፋን ያመጣል፣ ጉንፋኑም ከአፍንጫ ወደ ጆሮ ይዘልቃል፤ ይሄ ልክ ነው። ባክቴሪያ ግን የሚወደው ሙቀትና እርጥበት ነው። እናንተ ሁለቱንም ትቀልቡታላችሁ።»

ባክቴሪያን በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ተምሬ ሥዕሉንም ስያለሁ። እኔ ጆሮ ውስጥ ይኖራል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ጠብታ ሰጠኝ፤ መግሉን በደረቅ ጥጥ እየጠረግሁ ጥጡን እንድጥል፣ ምንም እንዳልወትፍ አዘዘኝ።

እናቴ አልተዋጠላትም። «በዚህ ጭጋግ ጆሮሽን ገልጠሽ? ሰዉ ልጇን ጣለቻት ይለኛል።»

«ይበላ። ነርስ ስሆን መጥቶ ይታከማል።»

የምርመራው ዕለት ያካፋ ነበር። ሐኪሙ ጆሮዬን አብርቶ አየና «የጆሮሽ ታምቡር ተቀዷል፤ ግን ደርቋል» አለ። ቀኝ ጆሮዬን አስደፍኖ ከኋላዬ አንድ የከተማ ስም አንሾካሾከ።

«በቆጂ» ብዬ ደገምኩለት።

«ጎበዝ። አልፈሻል።»

እናቴ ሻሹን ይዛ ውጭ ቆማ ነበር።

«በረደሽ አይደል?»

«በረደኝ» አልኳት፤ ሻሹን ተቀብዬ አንገቴ ላይ ጠመጠምኩት።