ፍትሐታቸውን የሰሙ ሴት

ልጅ እያለሁ ቤታችን ድካም የሚገባው ከጥሩምባ ጋር ነበር። አባቴ የአጥቢያችን የእድር ዳኛ ስለነበር ጥሩምባው በተነፋ ቁጥር ወንዱን ሬሳ ማጠቡና መገነዙ፣ መቃብር ቆፋሪ መላኩ፣ ተሸካሚ መምረጡ እሱ ላይ ይወድቃል። ማታ እርጥብ አፈር እየሸተተ ይመለስና ጫማውን ሳያወልቅ መደቡ ላይ ጋደም ብሎ «የሰው ነገር አያልቅም» ይላል። እናቴም «እሱስ አያልቅም፤ አንተ ታልቃለህ እንጂ» ትለዋለች።

አንድ ዓመት ሁዳዴው ሊገባደድ ሲል ጎረቤታችን እማማ የሺ ጠናባቸው። ሞትን አልፈሩም፤ የፈሩት በሰሙነ ሕማማት መሞትን ነው። በዚያ ሳምንት ፍትሐት የለም። ለሚሞተው የሚበቃው በሆሳዕና ከቅዳሴ በኋላ ለሁሉም የሚደገመው ነው። «አልጋ ላይ ተጋድሜ ያልሰማሁት ፍትሐት እንዴት ይደርሰኛል? እንደ ከብት ልቀበር ነው?» እያሉ አለቀሱ። ቄሱ ይደርስዎታል ቢሏቸውም አልተጽናኑም። በቅሎ ላይ መቀመጥ አቅቷቸዋል። ልጃቸው ደግሞ በቃሬዛ መውሰዱን «ሟርት ነው» ብሎ እንቢ አለ። እውነቱን ነው፤ እኛ አገር ወደ ጤና ጣቢያ የሚወርድ ቃሬዛ ሕመምተኛ ይዟል፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣ ግን ሬሳ ነው።

አባቴ ቅዳሜ ሌላ ሰው ቀብሮ ትከሻው ተልጦ ነበር። የሆሳዕና እሁድ ጠዋት ግን «ሬሳ ስሸከም ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ሰው ልሸከም» ብሎ ተነሳ። ሦስት ጎረቤቶች አስከትሎ ሄዶ ልጅየውን እንደምንም አሳመነው። እማማ የሺን በቃሬዛ ተሸክመው የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ሲደርሱ ያያቸው ሁሉ ዘንባባውን ጥሎ ደረቱን ይመታ ጀመር። አንዲት ሴትማ የእማማ የሺን ደግነት እየዘረዘረች ሙሾ አወረደች። ይኼኔ እማማ የሺ ከጋቢያቸው ብቅ ብለው «ቆዩ እስቲ፣ አትቸኩሉ! መጀመሪያ ፍትሐቱን ልስማበት» አሉ። ለቅሶው ወደ ሳቅ፣ ሳቁም ተመልሶ ወደ ለቅሶ ሆነ። ፍትሐቱ ሲደገም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። እንደዚያ ያረፈ ፊት ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ሐሙስ ሞቱ። ያለ ፍትሐት ስንቀብራቸው ልጃቸው እንኳ ቅር አላለውም።

አሁን ዘመሮ ከተማ አስተማሪ ነኝ። ወደ ሰፈራችን ዛሬ ድንኳን በኪራይ፣ ወንበር በመኪና ይመጣል፤ ትከሻ ግን ጠፍቷል። ወጣቱ ከተማ ገብቶ አልቋል፤ ሬሳ በአራት ሽማግሌ ተይዞ በየመንገዱ እያረፈ ይሄዳል። አባቴም አልጋ ላይ ከዋለ ሰነበተ። ሰሞኑን ልጠይቀው ብሄድ «ሆሳዕና መቼ ነው?» አለኝ። የፈለገው ገባኝ።

«እኔ አለሁ፣ አባዬ» አልኩት።

ትከሻዬን በቀጫጭን ጣቶቹ ዳበሰና ፈገግ አለ።

«የቃሬዛው አንዱ ጫፍ ተገኘ» አለ። «ሦስቱን ማን ይያዝ?»