ድምፅ የማይሰማበት ቤት

ዳርላ ሆስቴተር ስትቆጣ ድምጿ ዝቅ ይላል። ሌላ ሰው ሲናደድ ይጮኻል፤ እሷ ታንሾካሹካለች። አብረዋት የሚኖሩት አምስት ሴቶች ከነጎድጓድ ይልቅ ይህን ሹክሹክታ ይፈራሉ። "መስኮቱ ክፍት ነው" ትላለች ጥርሷን ነክሳ፤ ያን ጊዜ ሳቁም ጭቅጭቁም መሃል ላይ ቀጥ ይላል።

ቤቱ ያለው በፔንሲልቬንያ፣ ኮልብሩክ በምትባል የወንዝ ዳር ትንሽ ከተማ፣ ሊንደን መንገድ ላይ ነው። መጠጥና ዕፅ ለመተው የቆረጡ ሴቶች ከሕክምና ማዕከል ሲወጡ ወደ ድሮው ሰፈራቸውና ወደ ድሮው ጓደኛቸው እንዳይመለሱ እዚያ ይኖራሉ። ሥራ ይሄዳሉ፣ ማታ ማታ ከመጠጥና ከዕፅ ለመራቅ እርስ በርስ የሚደጋገፉበትን ስብሰባ ይካፈላሉ፣ ተራ ገብተው ያበስላሉ። ዳርላ ኃላፊያቸው ናት። ሐኪም አይደለችም። ጠዋት ጠዋት ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ የምታጥብ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ጠብታ ያልቀመሰች የአምሳ ሦስት ዓመት ሴት ናት።

ከዚያ በፊትማ ቀምሳለች። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የዳርላ ብቅል ግን የሆዷን አውጥቶ አልበቃውም፣ ትዳሯንና ሁለት የፊት ጥርሷን ጭምር ይዞ ወጣ። በመጨረሻ ታላቅ እህቷ በር ላይ ቆማ "ሲሻልሽ ትመጫለሽ" አለቻት። ተሻላት። እህቷ ግን እስከ ዛሬ ለገና ካርድ ትልክላታለች እንጂ ግቢ አላለቻትም፤ ካርዱም ላይ ከፊርማዋ በቀር አንድ ቃል አይጻፍበትም።

ዝምታን ያስተማራት ግን ሌላ ነገር ነው። ኮልብሩክ ከመምጣቷ በፊት በሌላ ከተማ እንዲህ ያለ ቤት ታስተዳድር ነበር። ጎረቤት በጩኸት ከሰሰ፣ የከተማው ምክር ቤት ተሰበሰበ፣ ቤቱ በኅዳር ወር ተዘጋ። ሴቶቹም በየአቅጣጫው ተበተኑ። ከእነሱ አንዷ ሎርና የምትባል ፀጉር ሠሪ ነበረች፤ ዳርላ እንደ ታናሽ እህት ታያት ነበር። ከገና በፊት በአንድ ርካሽ ሞቴል ውስጥ ሞታ ተገኘች። በቀብሯ ቀን ሣጥኑን የሚሸከም ሰው እንኳ ስላልተሟላ የቀብር ቤቱ ሠራተኞች አገዙ። ዳርላ ያን ቀን አንድ ነገር ገባት፤ ቤት ሲዘጋ ሰው ይሞታል።

ስለዚህ በሊንደን መንገድ ጎረቤት አፉን የሚከፍትበት ሰበብ እንዳያገኝ ቤቱን በሥርዓት ጠፍራ አሰረችው። የፍሪጁ መደርደሪያ ላይ የእያንዳንዷ ስም ተለጥፏል። መድኃኒት በቁልፍ ነው። የምትወጣም የምትገባም በር ላይ ትፈርማለች። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ደንቡ ተሰቅሏል፤ ከሁሉም በላይ በቀይ የተጻፈው "የጠጣች በዚያው ቀን ትወጣለች" ይላል። የስድሳ አንድ ዓመቷ ማቪስ፣ ድሮ ባንክ ትሠራ የነበረችው፣ "ዳርላ እኮ እርጎው ራሱ ሳይፈርም ከፍሪጅ እንዳይወጣ ታደርጋለች" እያለች ታሾፍባታለች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ሽማግሌ፣ ሚስተር ኤሚል ህራብቻክ፣ ለምክር ቤቱ አቤት አሉ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ መካኒክ ናቸው፤ ሣራቸውን በማስመሪያ ያጨዱት ይመስላል። እሑድ ከሰዓት በኋላ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው የቤዝቦል ጨዋታ በሬዲዮ ያዳምጣሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። "በሴቶቹ ላይ ምንም ነገር የለኝም፤ ግን..." ብለው ነው የሚጀምሩት። ከ"ግን" በኋላ ያለው ነው እንግዲህ ረጅሙ።

የኮልብሩክ ደንብ በመኖሪያ ሰፈር ዝምድና የሌላቸው ከሦስት በላይ ሰዎች አንድ ቤት ውስጥ እንዳይኖሩ ይከለክላል። እንደ አንድ ቤተሰብ የሚኖሩ ከሆነ ግን ይፈቅዳል። ታዲያ እነዚህ ስድስት ሴቶች ቤተሰብ ናቸው ወይስ ቤቱ የአልጋ ኪራይ ቤት ነው? ነገሩ ሁሉ እዚህች ላይ ተንጠለጠለ። ምክር ቤቱም አይቶ እንዲወስን ቶቢን የሚባል የቤቶች ተቆጣጣሪ ላከ።

ቶቢን ይመጣል ሲባል ዳርላ ሴቶቹን አሰልፋ ቤቱን ከጣራ እስከ ምድር ቤት አስፈተገቻቸው። ከሁሉም ያሰጋቻት ጆሊን ናት፤ ቀይ ፀጉር ያላት፣ ስትስቅ ጣራ የምትነቅል ወጣት።

"ዛሬ አትሳቂ" አለቻት።

"ቢያስቀኝስ?"

"ንከሺው።"

"ሰውዬውን?"

"ምላስሽን!"

ቶቢን ጫማውን በር ላይ ጠርጎ ገባ። ጨዋ ልጅ ነው። ሴቶቹ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሶፋው ላይ ተደርድረዋል፤ ፎቶ የሚነሱ ነው የሚመስሉት። ዳርላ እየዞረች ሁሉንም በኩራት አሳየችው።

"ፍሪጁ ላይ የተለጠፈው ምንድን ነው?"

"ስማቸው ነው። የሰው ምግብ ማንም አይነካም።"

"መድኃኒቱስ?"

"ይቆለፋል! ቁልፉም አንገቴ ላይ ነው።"

"አንዷ ብትጠጣስ?"

"በዚያው ቀን ትወጣለች" አለች ዳርላ ቀዩን ጽሑፍ እያሳየች። ጆሊን ምንጣፉን ማየት ጀመረች።

"እንዲህ የጸዳ ቤት አይቼ አላውቅም" አለ ቶቢን ሲሰናበት። ዳርላ የተመሰገነች መስሏት የዚያን ቀን ለሁሉም ፒዛ ጋበዘች።

በሳምንቱ ውሳኔው መጣ። ቤቱ በጥብቅ ደንብ ይመራል፤ ምግብ በስም ተከፋፍሏል፤ ነዋሪ በፊርማ ይወጣል ይገባል፤ ደንብ ያፈረሰ ይባረራል። ስለዚህ የአልጋ ኪራይ ቤት ነው እንጂ ቤተሰብ አይደለም፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይዘጋ። ያልተስማማ ይግባኝ ማለት ይችላል።

"በሥርዓታችን ተቀጣን ማለት ነው?" አለች ማቪስ። "አርባ ዓመት ስዝረከረክ የከሰሰኝ አልነበረም።"

ሌሎቹ ሳቁ። ዳርላ አልሳቀችም፤ ዐይኗ ላይ የመጣባት የሎርና ሣጥን ነው።

ዳርላ ያቀረበችው ይግባኝ የተሰማው በመስከረም፣ ከእሳት አደጋ ጣቢያው ፎቅ ላይ ባለው አዳራሽ ነው። ሦስት አባላት ያሉት ጉባኤ ተሰየመ። ሰብሳቢዋ ሚስስ ፕሩት ዕድሜያቸውን ሙሉ የተማሪዎች አውቶቡስ የነዱ ሴት ናቸው፤ ሰው ዝም ለማሰኘት መዶሻ አያስፈልጋቸውም፣ ከመነጽራቸው በላይ ቀና ብለው ማየት ይበቃቸዋል። ቶቢን ያየውን አነበበ። ከዚያ ዳርላን አስማሏት።

"ሚስ ሆስቴተር፣ እንደ ቤተሰብ ነው የምትኖሩት?"

"አዎ" ብትል ምን ነበረበት! ግን ምላለች፤ ከማለች ደግሞ አትዋሽም። ቤተሰብ ሲባል ደግሞ እሷ ዐይን ላይ የሚመጣው የእህቷ በር ነው።

"አይ፣ ሚስስ ፕሩት" አለች ቀስ ብላ። "የኔ ቤተሰብ በር ላይ ነው የመለሰኝ። እኛ ከዚያ እንሻላለን። ሥርዓት አለን፤ ማንንም አንረብሽም። ከቤታችን ድምፅ አይሰማም።"

"በቃ፣ ቀበረችን" አለች ማቪስ ከኋላ።

ይህን ጊዜ ሚስተር ኤሚል ተራቸውን ሳይጠብቁ ብድግ አሉ። "ምን ማለት ነው ድምፅ አይሰማም? ውሸታም ልታደርገኝ ነው እንዴ?"

"መጀመሪያ ይማሉ" አሏቸው ሰብሳቢዋ። ማሉ።

"ይቺ ሴትዮ ቤት ስትኖር ዝም ይላሉ፤ አልዋሽም። ሥራ ስትሄድ ብትሰሟቸው! የማካሮኒውን ድስት ማን ሳታጥብ ተወችው ተብሎ ሳምንት ሙሉ ጭቅጭቅ ነው። አንዷ የሌላዋን ሹራብ ለብሳ ትወጣና በቃ፣ ጦርነት! ያቺ ሽማግሌዋ ደግሞ..."

"ማናት ሽማግሌዋ?" አለች ማቪስ።

"...ያቺ ሽማግሌዋ ልደቷ ሆኖ ሦስቴ ዘፈኑላት፤ ሦስቴም አበላሹት! ምግብ ሲደርስ ጓሮ ወጥተው 'ኑ ብሉ!' እያሉ ነው የሚጠራሩት። ከሸለብታዬ ነቅቼ እጄን ልታጠብ የተነሳሁበት ቀን አለ!"

ዳርላ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ዞር ብላ ስታያቸው አምስቱም ጣራ ጣራውን ያያሉ።

"ደግሞ እሷ ራሷስ!" አሉ ሚስተር ኤሚል ጣታቸውን ዳርላ ላይ ቀስረው። "በሐምሌ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ጨዋታው በጦፈበት ሰዓት። ይቺ ቀይ ፀጉሯ ልጅ ጠጥታ መጣች።"

ዳርላ ይህን ነገር ከስድስቱ ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም ብላ ታስብ ነበር። ያን እሑድ ጆሊን ሰክራ ገባች። ደንቡን ታውቀዋለችና ማንም ሳያባርራት ልብሷን ቦርሳ ውስጥ ጠቅጥቃ በጓሮ በር ልትወጣ ስትል ዳርላ ደረሰችባት።

"ልጅቷ ልሂድ ትላለች" ቀጠሉ ሽማግሌው። "ይቺ በሩን ተደግፋ 'ሬሳዬን ተራምደሽ ሂጂ!' ትላለች። 'ሎርናን ቀብሬአለሁ፣ አንቺን አልቀብርም! ቁጭ በይ!' ብላ ስትጮህ የሰፈሩ ውሻ በሙሉ ጮኸ። ልጅቷ ተሳደበች፣ ይቺም ተሳደበች፤ ቄስ ፊት የማይደገም ስድብ። ከዚያ ሌሎቹ ወጡና ሁሉም ጩኸት፣ ሁሉም ለቅሶ! ያን ቀን ማን እንዳሸነፈ ሳልሰማ ቀረሁ!"

ዳርላ ዐይኗን ጨፈነች። አለቀ፣ አለች በልቧ። የሰከረች ሴት፣ የተጣሰ ደንብ፣ የጓሮ ስድብ፤ ያኛው ቤት የተዘጋው ከዚህ ባነሰ ነበር።

"ታዲያ ልጅቷ ሄደች?" ሲሉ ጠየቁ ሚስስ ፕሩት።

"የት ትሄዳለች! ያቻትና ተቀምጣ።"

ሰብሳቢዋ ወደ ዳርላ ዞሩ። "ደንባችሁ በዚያው ቀን ትወጣለች ይላል። ማን ነው የጻፈው?"

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ለምን አላስወጧትም?"

"ሰኞ ጠዋት ሐኪም ቤት ወስጄ አሳከምኳት" አለች ዳርላ። ከዚያ በኋላ ያለችውን ለጫማዋ ነው ያንሾካሾከችው።

"አልሰማንሽም" አሉ ሚስስ ፕሩት። አንቱታው ሳይታወቃቸው ቀርቶ ነበር። "ጮክ በይ እንጂ፣ ልጄ።"

"ወዴት ትሂድ!" ብላ ዳርላ ጮኸች። ታች ያሉት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሳይሰሙ አልቀሩም። "ወዴት ትሂድ? ከኛ ሌላ ማን አላት?"

ጆሊን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ማቪስ መሐረቧን አቀበለቻት።

ሚስስ ፕሩት መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወለወሉ፣ መልሰው አደረጉ። "ሚስተር ህራብቻክ፣ የአልጋ ኪራይ ቤት አጠገብ ኖረው ያውቃሉ?"

"በወጣትነቴ፣ ከአውቶቡስ ጣቢያው ጎን።"

"እዚያስ እንዲህ ያለ ጩኸት ነበር?"

"ኧረ ምን ተደርጎ! እዚያ ሰው ወጣ ገባ፣ ማን ዘወር ብሎ ያየዋል?"

"ይሄኛውስ ምን ይመስልዎታል?"

"ይሄማ ቁርጥ የእናቴ ቤት ነው!" አሉ ሽማግሌው በምሬት። "ዘጠኝ ልጆች ነበርን። ሹራብ ስንሻማ፣ በድስት ስንጣላ፣ እናቴ በር ይዛ ስትጮህብን ነው ያደግሁት። ከዚያ ለመገላገል ነው እኮ የራሴን ቤት የገዛሁት!"

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ቶቢን እንኳ ወረቀቱን አፉ ላይ ይዞ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሚስተር ኤሚል ምን እንዳሉ የገባቸው ከተቀመጡ በኋላ ነው።

የጉባኤው ድምፅ ሁለት ለአንድ ሆነ። ቤቱ አይዘጋም፤ ነዋሪዎቹ ከስድስት አይበልጡም፤ መኪናቸውንም ሚስተር ኤሚል ደጃፍ አያቆሙም።

ደረጃው ላይ ሽማግሌው ዳርላን ጠብቀው አገኟት። "አንቺን ልረዳ አይደለም የመጣሁት።"

"አውቃለሁ፣ ሚስተር ኤሚል።"

ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩት። "ያቺ ልጅ... ደህና ናት?"

"ዛሬ ደህና ናት።"

"እሑድ ጨዋታ አለ" አሉና ባርኔጣቸውን አጥልቀው ሄዱ።

ዳርላ ቤት ስትገባ የመድኃኒቱን ቁልፍ ከአንገቷ አላወለቀችም፤ የበሩንም ፊርማ ይቅር አላለችም። ከፍሪጁ ላይ ግን ስሞቹን አንድ በአንድ ላጠቻቸው። ቀዩ ደንብ ፊት ብዙ ቆመች። ከዚያ እስክሪብቶ አምጥታ "ትወጣለች" የሚለውን ሰረዘችና "ለዳርላ ትናገራለች" ብላ ጻፈችበት።

እሑድ ከሰዓት ፍሪጁን ስትከፍት እርጎዋ የለም። ባዶ ኩባያው ከነማንኪያው ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ተጋድሟል። እንደ ልማዷ ጥርሷን ነክሳ ድምጿን ዝቅ ልታደርግ ነበር። መስኮቱም ክፍት ነው፤ ከማዶ የሚስተር ኤሚል ሬዲዮ ይሰማል። ግን የራሴ ነው ብላ የምትጮኽበት ቤት ካጣች ስንት ዘመኗ!

"እርጎዬን የበላችው ማናት?!" ብላ ወደ ፎቁ አምባረቀች።

"እኔ አይደለሁም!" አሉ አምስት ሴቶች ከየክፍላቸው።

"እኔም አይደለሁም!" አሉ ሚስተር ኤሚል ከአጥሩ ማዶ። "አሁን ዝም በሉ፣ ጨዋታውን ልስማበት!"