ከወንዝ ማዶ የታየች እናት

ወንድሜ ሚስት ሲያገባ እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ሙሽራይቱ አስራ አምስት። ስሟን የነገረን የለም፤ እኛም አልጠየቅንም። ከሙልጎል መንደር ስለመጣች «የሙልጎሏ» ተባለች፣ አለቀ። እንደ ወጉ የባሏን ታናሽ እህት፣ እኔን ንፍጣሟን ማለት ነው፣ አንቱ ትለኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ በቤቱ ውስጥ አንቱ የሚለኝ ሌላ ሰው አልነበረማ።

ሙልጎል ከኛ መንደር የአንድ ቀን መንገድ ነው። ያገባች ልጅ ግን እንዳሻት ተነስታ እናቷን ልትጠይቅ አትችልም። አማቷ ከፈቀደች ከመኸር ጨረቃ በዓል በኋላ አንድ ቀን፣ ከሁለቱ መንደሮች እኩሌታ ላይ ከእናቷ ጋር ተገናኝታ፣ ምሳ በልታ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትመለሳለች። ይህንን ግማሽ መተያየት እንለዋለን። የሙልጎሏ ፈቃዱን ሦስት ዓመት ጠበቀች። በመጀመሪያው ዓመት እናቴ «ገና ከመምጣቷ?» አለች። በሁለተኛው «ሥራውን ለማን ትታ?» አለች። በሦስተኛው ፈቀደችና እኔን አብሬያት እንድሄድ አዘዘችኝ።

«ዳልሬ፣ ጆሮሽን ጥለሽ ስሚ» አለችኝ ለብቻዬ ጠርታ። «ስለ ቤታችን ምን እንዳወራች ትነግሪኛለሽ።»

ጎህ ሲቀድ ወጣን። የሙልጎሏ ለእናቷ ሰሊጥ የተሞላ የሩዝ ሙልሙል በጥድ ቅጠል ላይ በእንፋሎት አብስላ ይዛለች። አረማመዷ ሩጫ ነበር፤ እኔ ከኋላዋ እያለከለክኩ ተከተልኳት። የመገናኛው ቦታ ከወንዙ ወዲህ ያለው ዛፍ ስር ነው፤ እናትየው በመሻገሪያው ድንጋይ ተሻግራ ልትመጣ ነበር። ስንደርስ ድንጋዩ የለም። ሌሊቱን ተራራው ላይ ዘንቦ ወንዙ ሞልቷል። እናትየው ጥቅሏን በራሷ ተሸክማ ማዶ ቆማለች።

«ኦክቡን!» ብላ ተጣራች። ማንን እንደምትጠራ ለማየት ዞር ዞር አልኩ።

የሙልጎሏ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ከኛ በኩል ሁለት በሬ ነጂዎች ውሃው እስኪጎድል ተቀምጠው ነበር። የሰው ቤት ምራት ድምጿን ለመንገደኛ ካሰማች ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ይገባል። እነሱ በሬዎቻቸው ላይ ሲያንባርቁ ግን ማንም ምንም አይላቸውም። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች። «እርስዎ ልጅ ነዎት፣ ይጩኹልኝ።»

«ምን ልበል፣ እትዬ?»

«ደህና ናት ይበሉልኝ።»

«ደህና ናት!» ብዬ ጮኽኩ።

«ከስታለች!» አለች እናትየው።

«አልከሳሁም ትላለች!»

«ውሸቷን ነው፤ ከዚህ ይታየኛል!»

«አንቺ ለፋፊ፣ ጉሮሮሽ እንዳይደርቅ» አለኝ አንዱ በሬ ነጂ እየሳቀ። እኔም ኮራሁ፤ ድምፄን ጨመርኩ። ስለ ወንድሟ፣ ስለ ላሟ፣ ስለ እናቷ ጉልበት ሕመም ብዙ አመላለስኩ። ከዚያ እናትየው ጠየቀች።

«አማትሽ ደግ ናት?»

በዚያው ክረምት የአኩሪ አተር ማጣፈጫ ጋን ሳይከደን ዝናብ ገብቶበት፣ እናቴ የሙልጎሏን የጋኑን ክዳን በራሷ ላይ አሸክማ እስኪመሽ ዝናብ ላይ አቁማት ነበር። እኔ በረንዳ ላይ ሆኜ ስቄባታለሁ። አሁን ቀና ብዬ አየኋት፤ እሷ አላየችኝም።

«በጣም ደግ ናት ይበሉልኝ» አለች።

ቃሉ አልወጣልኝ አለ። ሌላው ሁሉ እንዲያው ይወርድልኝ ነበር።

«ይበሉልኝ እንጂ» አለች ቀስ ብላ።

ጮኽኩ። እናቴ ደግ እንዳልሆነች ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው፤ አፈርኩ።

ውሃው አልጎደለም። ሁለቱም ከየበኩላቸው ተቀምጠው ጥቅላቸውን ፈቱ። እናትየው ለልጇ የጠበሰችውን የአተር ቂጣ ከፍ አድርጋ አሳየችንና ራሷ በላችው። የሙልጎሏም ሙልሙሉን ከፍ አድርጋ አሳየችና ለሁለት በላነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንዷ ሌላዋ እስክትሄድ ትጠብቃለች፤ በመጨረሻ እኔ ቀሚሷን ይዤ ጎተትኳት።

ቤት እንደገባን እናቴ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ። «ስለኔ ምን አለች?»

«በጣም ደግ ናት አለች።»

«ማን ሰማ?»

«ሁለት በሬ ነጂዎች።»

እናቴ ደስ አላት። ወጣ ብላ የሙልጎሏን «በሚመጣው ዓመትም እንልክሻለን» አለቻት። የሙልጎሏ እጅ ነሳችና እሳት ልታነድ ሄደች።

በበረዶው ወር ከሙልጎል መልእክተኛ መጣ፤ እናቷ ሞታለች። ለእናት ቀብር ምራት እስከ ቤት መሄድ ትችላለች፤ ይህም ወግ ነው። ወንዙ በብርዱ ረግቶ ድንጋይ ሆኖ ነበር። የሙልጎሏ በእግሯ ተሻግራ እስከ እናቷ ደጃፍ ሄደች፤ የከለከላት ሰው አልነበረም።