ከቃሊቲ እስከ ታቦር፤ የአራት ነጥቦች ጉዳይ

ከንጋቱ 12፡00፣ ቃሊቲ

የሀዋሳው ሚኒባስ ሊሞላ ሁለት ሰው ሲቀረው ደረስኩ። ረዳቱ ቦርሳዬን ጣሪያ ላይ ሊጭነው ሲል ከለከልኩት፤ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ውስጡ የድሮ የመስክ ደብተሬና አዲስ አበባ ያስተየብኩት የምስክርነት ደብዳቤ አለ።

«ማዘር፣ ወርቅ ነው እንዴ የያዙት?» አለ ሹፌሩ በመስታወት እያየኝ።

«ከወርቅ ይከብዳል።»

ቀያሽ ነበርኩ። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በአንድ የግል የቅየሳ ድርጅት ተቀጥሬ ሀዋሳ ታቦር ሠፈር ወሰን ስለካ፣ መጨረሻ የቀረው የአንዲት ሴት ግቢ ነበር። አራቱን ማዕዘን በጂፒኤስ ለካሁ። ካርታው ሲወጣ ግቢዋ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ሸሽቶ፣ ለአረንጓዴ ቦታ የተከለለ መሬት ላይ አርፏል። ሴትዮዋ የይዞታ ማረጋገጫ ሳታገኝ ሞተች። «ጥፋቱ የአልማዝ ነው» ብሎ በእኔ ያላከከው የቡድን መሪዬ ማቴዎስ ነው። አሁን ልጇ ትዕግስት አቤት ብላለች፤ የለካነው ሰዎች ስህተቱ የት እንደተፈጠረ በጽሑፍ ከመሰከርንላት ጉዳዩ እንደገና ይታያል። የምሄደው ለእሷ ብቻ ነው ብል እዋሻለሁ።

3፡00፣ ባቱ

መቂ ላይ የቲማቲም ሣጥን ከመንገዱ ዳር እንደ ግንብ ተደርድሯል። ባቱ ቁርስ ቆምን። የተጠበሰ ዓሣ፣ ዳቦ፣ ሚጥሚጣ። ዋጋው ካለፈው ጉዞዬ እጥፍ ሆኗል፤ ዓሣው ግን አንሷል። ሹፌሩ አጠገቤ ተቀምጦ ሥራዬን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«ጂፒኤስም ይሳሳታል እንዴ?»

«እሱም አይሳሳትም፣ የድሮው ካርታም አይሳሳትም። ምድርን ለመለካት የተነሡበት መነሻ ነው የሚለያየው። የድሮው ካርታችን መነሻ አዲንዳን ይባላል፤ የጂፒኤሱ ሌላ ነው። ቁጥሩን ሳትቀይር ካንዱ ወደ ሌላው ከወሰድክ፣ ያው ቤት ሁለት መቶ ሜትር ይሄዳል።»

«ሁለቱም ልክ ሆነው አይስማሙም? እንደኔና እንደ ሚስቴ በሉኛ!»

ሳልፈልግ ሳቅሁ። እኔ ግን ያን ጊዜ ቁጥሩን ቀይሬ ነበር። ደብተሬ ይመሰክራል።

5፡30፣ ሀዋሳ

ከሻሸመኔ በኋላ አየሩ ሞቀ። ከመናኸሪያ ባጃጅ ይዤ ወደ ታቦር ወጣሁ። ትዕግስት በር ላይ ቆማለች፤ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። ከኋላዋ፣ ጥላ ሥር፣ ማቴዎስ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። አርጅቷል። ደስ አላለኝም፤ ይለኛል ብዬ ነበር።

«እንደምን ዋሉ፣ አቶ ማቴዎስ?»

«ዛሬም እርስዎ ነኝ?»

እርስዎ ማለት የጀመርኩት ከግቢው ልኬት በፊት ነው። ምክንያቱን እዚህ አልጽፍም፤ እሱ ያውቀዋል።

ደብተሬን ገልጬ ፊቱ አስቀመጥኩ። «የጂፒኤሱን ንባብ ወደ አዲንዳን ቀይሬያለሁ። ስሌቱ ይኸው። ከዚያ በኋላ ያበላሹት እርስዎ ነዎት።»

ገጹን ብዙ ጊዜ አየው። መነጽሩን አወለቀ።

«ቀይረሽው ነበር?»

«ይኸው እኮ!»

«እኔም ቀየርኩት።»

ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የእጅ ጽሑፌን አወቅሁት። አራት መስመር ቁጥር። ከላዩ ምንም አልተጻፈበትም።

«ያልተቀየረ የጂፒኤስ ንባብ መሰለኝ፤ ለካ ሁለቴ ተቀይሮ ነው የሸሸው» አለ።

«መጠየቅ አይችሉም ነበር?»

«በሹፌር ልከሽልኝ? ስልኬን ሳታነሺ? ...እኔም ኮርቼ ነበር፣ አልማዝ። ሁለተኛ አልደወልኩም።»

ትዕግስት አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየች። «እትዬ አልማዝ፣ የዚያን ቀን እናቴ ጃንጥላ ይዛልዎት ነበር። ፀሐይ መሣሪያውን አላስነብብ ብሎዎት። እስክትሞት ድረስ ታወራው ነበር፤ ‹ያቺ ቀያሽ ጎበዝ ናት፣ የኔን ግቢ ደጋግማ ነው የለካችው› ትል ነበር።»

 ጥፋቱን በማቴዎስ ላይ የሚጥለውን ያስተየብኩትን ደብዳቤ ከቦርሳው ሳላወጣ ባዶ ወረቀት ጠየቅኋት። «ነጥቦቹን ቀይሬ ላክሁ፤ መቀየሬን ግን አልጻፍኩም» ብዬ ፈረምኩ። ማቴዎስ ከሥር «ሳልጠይቅ ደግሜ ቀየርኩ» ብሎ ፈረመ። ይቅር ተባባልን አልልም።

ከዚያ አራቱን ቁጥሮች ከደብተሬ ገለበጥኩ። ለትዕግስት ልሰጣት ስል ማቴዎስ በከዘራው ጫፍ ወረቀቱን ነካ አደረገው።

«ከላዩ ጻፊበት እንጂ።»

ጻፍኩ፦ አዲንዳን።

ትዕግስት አነበበችው። «ይቺ ብቻ ናት የጎደለችው?»

«አዎ ልጄ» አልኳት። «ይቺ ብቻ ናት።»